ቁጥሩ ቢያረጅም

ሬድ ሃት ኢንተርፕራይዝ ሊኑክስ 7 እ.ኤ.አ. በ2014 ሲወጣ ከርነሉ 3.10 ነበር፤ መደበኛ ድጋፉ በ2024 ሲያበቃም ያው 3.10። አዲስ ባለሙያ ይህን ሲያይ «ይሄማ ሙዚየም ነው!» ማለቱ አይቀርም። እኔም ብዬ ነበር። የቆመው ግን ቁጥሩ እንጂ ሥራው አይደለም። የሬድ ሃት መሐንዲሶች ለአዲሱ እትም የተሠራውን የደህንነት ጥገና ወስደው በአሮጌው ኮድ ልክ ይሰፉታል። በኤፕሪል 2014 ኦፕንኤስኤስኤል በተባለው የምስጠራ ሶፍትዌር ውስጥ «ሃርትብሊድ» የተባለው ቀዳዳ ሲጋለጥ፣ ሌላው ወደ እትም 1.0.1ጂ ሲሮጥ፣ የሬድ ሃት 6 ተጠቃሚዎች እዚያው 1.0.1ኢ ላይ እንዳሉ ተደፈነላቸው፤ የተለወጠችው ከስሙ ጭራ ያለችው የጥቅል ቁጥር ብቻ ናት። የእትም ቁጥር ብቻ የሚያነብ የደህንነት መመርመሪያ እንዲህ ባለ ማሽን ላይ በከንቱ ይጮኻል። ይጩህ። እኔ የጥቅሉን የለውጥ መዝገብ ገልጬ፣ ማን፣ መቼ፣ የትኛውን ቀዳዳ እንደደፈነ ማንበብ እወዳለሁ።