ቁጥር አያረጅም፣ ሚክሰር ግን ያረጃል

ዲጂታል ዕቃ አያረጅም የሚል እምነት አለ። እውነት ነው፣ ቁጥር እኮ አይዝግም፤ ዜሮና አንድም አይደክማቸውም። ታዲያ ሃያና ሠላሳ ዓመት የሞላው ዲጂታል ሚክሰር ለምን በዝግጅት መሃል ጸጥ ይላል? ፌደሩስ ማንም ሳይነካው ለምን ይንቀጠቀጣል? ትናንት የተስተካከለለትን ሁሉ ለምን ዛሬ ይረሳል?

መልሱን ለማግኘት አንድ ዕቃ እንምረጥና፣ በመጽሐፍ ወይም በፊልም ላይ ሂስ እንደሚሰጠው ሁሉ በእሱም ላይ እንስጥ። የመረጥነው ያማሃ 02አር የተባለውን ሚክሰር ነው። መለኪያችን ደግሞ አዲስ እያለ ምን ያህል ያምር ነበር የሚለው አይደለም። እሱን የዘመኑ ሰዎች ጠግበው ተናግረውታል። የእኛ ጥያቄ ሌላ ነው፦ እንዴት ያረጃል? ሲታመምስ ሕመሙን ለመርማሪው ይናገራል ወይስ ይደብቃል?

ዕቃው ምንድን ነው?

02አር ለገበያ የቀረበው እ.ኤ.አ. በ1995 ነው። 24 የአናሎግና 16 የዲጂታል መግቢያዎች፣ በድምሩ 40 ቻናል ነበሩት። በየቻናሉ ኢኮላይዘርና ኮምፕሬሰር አለ፤ ፌደሮቹ በሞተር ይንቀሳቀሳሉ። ከሁሉም በላይ ደግሞ ያስታውሳል። የአንድን ዘፈን ሚክስ ከነሙሉ አቀማመጡ አስቀምጦ ከወር በኋላ በአንድ ቁልፍ መልሶ መጥራት ይቻላል። እስከዚያ ድረስ ይህ አቅም በአብዛኛው የትልልቅ ስቱዲዮዎች ነበር። ከእሱ በፊት በ1994 የወጣው ታናሹ ፕሮሚክስ 01 በሩን ከፈተ፣ 02አር ደግሞ መለስተኛ ስቱዲዮዎችን ይዞ ገባ።

ድምፅ በዚህ ዕቃ ውስጥ ሲያልፍ ሦስት ምዕራፍ አለው። መግቢያው ላይ ፕሪአምፕ የሚባለው ክፍል የማይኩን ደካማ ኤሌክትሪክ ያጎላና ወደ ቁጥር ቀያሪው ይሰጠዋል። ቀያሪው በሰከንድ እስከ 48,000 ጊዜ እየለካ እያንዳንዱን ልኬት በ20 ቢት ይጽፈዋል። 20 ቢት ማለት ከአንድ ሚሊዮን በላይ የተለያዩ ደረጃዎች ማለት ነው። መሃል ላይ ያለው ሥራ ንጹህ ሒሳብ ነው፦ መደመር፣ ማባዛት፣ ማዘግየት። መውጫው ላይ ቁጥሩ ተመልሶ ኤሌክትሪክ ይሆንና ወደ ስፒከር ይሄዳል።

አሁን ወደ እርጅናው እንምጣ። መሃል ላይ ያለው ሒሳብ እምብዛም አያረጅም። የሚያረጀው ዳር ዳሩ ነው፤ ኤሌክትሪክ የሚገባበት፣ ጣት የሚነካው፣ ብረት ከብረት የሚገናኝበት።

ምን ያረጃል?

መጀመሪያ ፓወር ሰፕላዩ። በውስጡ ኤሌክትሮላይቲክ ካፓሲተር የሚባሉ ቆርቆሮ ለበስ ትንንሽ ሲሊንደሮች አሉ። ውስጣቸው ፈሳሽ አለ፤ ፈሳሹም በሙቀት ቀስ በቀስ ይደርቃል። መሐንዲሶች እዚህ ላይ አንድ ግምታዊ ሕግ ይጠቀማሉ፦ ሙቀቱ በ10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲቀንስ ዕድሜው በእጥፍ ይጨምራል። ላዩ ላይ «2,000 ሰዓት በ105 ዲግሪ» የሚል የተጻፈበት ካፓሲተር በ65 ዲግሪ ቢሠራ አራት ጊዜ በእጥፍ ያድግና 32,000 ሰዓት ይሆናል። በቀን ስምንት ሰዓት ለሚበራ ሚክሰር ይህ ወደ 11 ዓመት ነው። የአየር መግቢያው በአቧራ ተደፍኖ ሙቀቱ 75 ዲግሪ ከደረሰስ? አምስት ዓመት ተኩል። ዕቃው እየሠራ ላዩ ላይ ጨርቅ ማልበስ ምን እንደሚያስከፍል ከዚህ ማስላት ትችላላችሁ።

የደረቀ ካፓሲተር ጥፋቱን በተንኮል ይሠራል። አማካዩ ቮልቴጅ 5 ቮልት እንዳለ ሆኖ፣ ላዩ ላይ ፈጣን መንቀጥቀጥ ይጨመርበታል። ተራ ቴስተር የሚያሳየው አማካዩን ስለሆነ «5 ቮልት፣ ደህና ነው» ይላል። መንቀጥቀጡን የሚያየው ኦሲሎስኮፕ ነው። ፕሮሰሰሩ ግን በዚያ መንቀጥቀጥ ይደናገራል፤ አንዴ ይነሳል፣ አንዴ እንቢ ይላል።

ሁለተኛ፣ ባትሪው። ሚክሰሩ ጠፍቶም ትዝታውን የሚጠብቅለት ሳንቲም የመሰለ ትንሽ የሊቲየም ባትሪ ነው። ሲያልቅ ዕቃው መርሳት ይጀምራል። ባለቤቱም «ቦርዱ ሞተ» ይላል፤ የሞተው ግን ከዕቃው ሁሉ ርካሹ ክፍል ነው።

ሦስተኛ፣ ፌደሩ። በአሮጌ አናሎግ ሚክሰር ድምፁ ራሱ በፌደሩ ውስጥ ስለሚያልፍ፣ ቆሻሻ ከገባ «ክርክር» የሚል ድምፅ ትሰማላችሁ። በ02አር ግን ድምፁ በፌደሩ አያልፍም። ፌደሩ የሚልከው «ቦታዬ እዚህ ነው» የሚል መረጃ ብቻ ነው። ስለዚህ ሲቆሽሽ አይንኮሻኮሽም፣ ይዋሻል። ውስጡ ያለው ቀጭን ንጣፍ ቆሽሾ የተዘበራረቀ ንባብ ሲልክ፣ ሞተሩ ስሕተቱን ሊያርም ይገፋል፤ ያልፈዋል፤ ደግሞ ይመለሳል። መንቀጥቀጡ ከዚህ ሊመጣ ይችላል። መድኃኒቱም የበር ማጠፊያ ዘይት መንፋት አይደለም። ዘይቱ አቧራ ይይዛል፣ አንዳንዱ ፈሳሽ ደግሞ ንጣፉን ራሱን ይበላዋል።

አራተኛ፣ መገናኛዎቹ። ቦርድን ከቦርድ የሚያያይዙት ጠፍጣፋ ሪባን ኬብሎች ጫፋቸው ላይ ቀጭን የዝገት ሽፋን ያበጃሉ። «ነቅዬ ስሰካው ሠራ» የሚባለው ተአምር ምስጢሩ ብዙ ጊዜ ይኸው ነው፤ መንቀሉና መሰካቱ ሽፋኑን ፍቆለት ነው።

ሂሱ

02አርን የማመሰግንበት ነገር አለ። ሙሉ ትዝታውን በሚዲ ኬብል ወደ ኮምፒውተር አውጥቶ ማስቀመጥ ያስችላል። ባትሪ ከመቀየሩ በፊት ይህን ያደረገ ሰው ምንም አያጣም። ፌደሩን ከድምፁ መንገድ ማውጣቱም ብልህነት ነው፤ የተበላሸ ፌደር ቀረጻውን በቀጥታ አያቆሽሸውም።

የምነቅፈው ደግሞ ጥንካሬ ተብሎ የተወደሰውን ነው። 40 ቻናል አንድ ቦታ ተሰበሰበ፤ ድክመቱም አብሮ አንድ ቦታ ተሰበሰበ። በአናሎግ ሚክሰር አንድ ቻናል ሲሞት ጎረቤቶቹ ይሠራሉ። እዚህ ግን የአርባውንም ዝርዝር የሚያሳየው አንድ ትንሽ ስክሪን ነው። የስክሪኑ የጀርባ መብራት ከደከመ ድምፁ ደህና ሆኖ ሳለ ባለሙያው ዓይኑ ይታወራል። ለትልልቅ ኮንሰርት የሚሠሩ ውድ ሚክሰሮች ሁለት ፓወር ሰፕላይ የሚኖራቸው ይህንኑ አደጋ በማወቅ ነው።

ይህ ነቀፌታ ግን በአንድ ሞዴል የሚያበቃ አይደለም። እንደሚያልቅ አስቀድሞ የሚታወቅን ባትሪ ቦርድ ላይ በሶልደር መበየድ በብዙ ኤሌክትሮኒክስ ዕቃ የተለመደ ነው። የወረዳ ንድፉን ከተጠቃሚ መደበቅም እንዲሁ። አበው «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይላሉ። እዚህ ግን የሚደብቀው ታማሚው ሳይሆን ወላጁ ነው። የአውሮፓ ኅብረት በ2024 የጥገና መብት መመሪያ አጽድቋል። የልብስ ማጠቢያ፣ ማቀዝቀዣና ሞባይል ስልክ በዝርዝሩ ውስጥ አሉ። የድምፅ ሚክሰር ግን የለበትም።

«ቦርዱ ነው» የሚለው ፍርድ

ሂሱ ለፋብሪካው ብቻ አይደለም። ለእኛም ይደርሰናል። ዕቃ ሲበላሽ ሦስት ልማዶች አሉን፦ አጥፍቶ ማብራት፣ ሪሴት ማድረግ፣ «ቦርዱ ነው» ብሎ መፍረድ። የመጀመሪያው አንዳንዴ ይሠራል፣ ግን ማስረጃ ያጠፋል። ሁለተኛው የተቀመጠውን ሥራ ሁሉ ይደመስሳል። ሦስተኛው ደግሞ ከሁሉ ይከፋል። ጥፋቱ የፓወር ሰፕላዩ ከሆነ አዲሱም ቦርድ ያንኑ የተበከለ ኤሌክትሪክ ይጠጣል።

ሳይንስ ሌላ መንገድ ያስተምራል፤ ተጠርጣሪዎቹን ለሁለት መክፈል። አንድ ዘፋኝ ድምፁ አልወጣም እንበል። በመንገዱ ላይ ስምንት ተጠርጣሪ አለ፦ ማይክ፣ ኬብል፣ ፕሪአምፕ፣ ወደ ቁጥር ቀያሪ፣ ሒሳብ ሠሪው ክፍል፣ ወደ ኤሌክትሪክ መላሽ፣ የመውጫ ኬብል፣ ስፒከር። አንድ በአንድ ብትፈትሹ እስከ ሰባት ሙከራ ሊፈጅ ይችላል። በግማሽ ከከፈላችሁ ግን ሦስት ይበቃል፤ ሁለት ጊዜ ሁለት ጊዜ ሁለት ስምንት ነውና።

ጥያቄ አንድ፦ ሰው ማይኩ ላይ ሲናገር የቻናሉ መግቢያ ሜትር ይዘላል? ከዘለለ ድምፁ እስከ ቁጥርነቱ ደርሷል፤ የመጀመሪያዎቹ አራት ነጻ ናቸው። ካልዘለለ የኋለኞቹን አራት ለጊዜው እርሷቸው። ጥያቄ ሁለት፦ ያንኑ ማይክ ከነኬብሉ የሚሠራ ሌላ ቻናል ላይ ስትሰኩት ይሠራል? ካልሠራ ጥፋቱ ከማይኩና ከኬብሉ አንዱ ነው። ጥያቄ ሦስት፦ ኬብሉን ብቻ ብትቀይሩትስ? በቃ፣ አገኛችሁት። ሕጉ አንድ ነው፤ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ቀይሩ። ማይኩንም ኬብሉንም ባንድ ላይ ቀይሮ «ሠራ!» ያለ ሰው ምን እንደጠገነ አያውቅም።

በተጨማሪ ጥፋቱ በቡድን መምጣት አለመምጣቱን ተመልከቱ። ወደ ቁጥር የሚቀይረው ቺፕ ብዙውን ጊዜ ሁለት ቻናል ያስተናግዳል። ስለዚህ ሁለት ጎረቤት ቻናሎች አብረው ከሞቱ ሁለት ፕሪአምፕ በአንድ ቀን ሞቱ ከማለት፣ የሚጋሩትን መጠርጠር ይቀላል። ስምንቱ አብረው ከሄዱም ስምንት ጥፋት አትፈልጉ፤ የጋራ ቦርዳቸውን፣ ሪባን ኬብላቸውን፣ ኤሌክትሪካቸውን ፈልጉ።

አንዳንዴ ደግሞ ምንም ያልተበላሸ ዕቃ የታመመ ይመስላል። ሁለት ዲጂታል መሣሪያዎች በዲጂታል ኬብል ሲገናኙ አንዱ የሌላውን ሰዓት መከተል አለበት። ሁለቱም በራሳቸው ሰዓት ከሄዱ፣ ልዩነታቸው በሚሊዮን አሥር ብቻ ቢሆን እንኳ፣ በ48,000 ልኬት ላይ በሰከንድ ግማሽ ልኬት ያህል ይዛነፋሉ። ይህ ማለት በየሁለት ሰከንዱ አንድ «ጠቅ» የሚል ድምፅ ሊሰማ ይችላል። በእኩል ጊዜ የሚደጋገም ጠቅታ ከሰማችሁ ሶልደር ሳታነሱ የሰዓት ማስተካከያውን እዩ።

አንድ ማስጠንቀቂያ። እስካሁን ከተባሉት ምርመራዎች አብዛኞቹ ክዳን ሳይከፈት የሚሠሩ ናቸው፣ እዚያ ላይ ቆዩ። በ220 ቮልት የሚሠራ ስዊቺንግ ፓወር ሰፕላይ ውስጥ ወደ 310 ቮልት ገደማ የተከማቸበት ካፓሲተር አለ፤ ገመዱ ከተነቀለም በኋላ ሊገድል ይችላል። ያንን ክፍል ለሠለጠነ ባለሙያ ተዉ። የእናንተ ድርሻ ባለሙያው ጋ ስትሄዱ «ተበላሸ» ከማለት ፋንታ ማስረጃ ይዞ መሄድ ነው፦ ከበራ ከስንት ደቂቃ በኋላ ጀመረው፣ የትኞቹ ቻናሎች ላይ፣ ምን ሲቀየር ተለወጠ።

እንግዲህ ፍርዳችን ይህ ነው። 02አር ለድምፅ ሥራ የታሰበበት፣ ለእርጅናው ግን ግማሽ የታሰበበት ዕቃ ነው። ሒሳቡ ገና ብዙ ዓመት መሥራት የሚችል ሚክሰር በአንድ ሳንቲም ባትሪና በጥቂት ካፓሲተሮች ምክንያት ቆሻሻ ላይ ሲጣል፣ ጥፋቱን የዕቃው ዕድሜ ላይ መለጠፍ አይበቃም። የሚያልቀውን ክፍል የማይደረስበት ቦታ የቀበረው ንድፍ አውጪም፣ ሳይጠይቅ «ቦርዱ ነው» ያለው ጠጋኝም ተካፋዮች ናቸው። ያገለገለ ሚክሰር ልትገዙ ከሆነ ታዲያ፣ ስንት ቻናል አለው ከማለታችሁ በፊት ባትሪው የት ነው፣ የጥገና መጽሐፉስ ይገኛል ወይ ብላችሁ ጠይቁ።