ብልህነት ብቻውን የት ያደርሳል?

ልጅዎ ከክፍሉ አንደኛ የወጣ ዕለት ለጎረቤት፣ ለዘመድ አዝማድ ሳይናገሩ አይውሉም። ደግ ነው። ግን «ይህን የመሰለ ጭንቅላት ያለው ልጅ ለወደፊቱ አያሳስበኝም» ብለው አስበው ያውቃሉ? በብልህ ልጆች ላይ ታላቅ ተስፋ የጣሉ አንድ ምሁር ነበሩ፤ የሞገታቸው ግን የገዛ መጽሐፋቸው ነው።

በአሜሪካ የስታንፎርድ ዩኒቨርስቲ የሥነ ልቦና ፕሮፌሰር የነበሩት ሌዊስ ተርማን፣ እ.ኤ.አ. ከ1921 ጀምሮ በአእምሮ ችሎታ ፈተና የላቀ ነጥብ ያገኙ ከ1,500 የሚበልጡ ልጆችን መርጠው ኑሯቸውን ተከታተሉ። በ1947 ከሜሊታ ኦደን ጋር ያሳተሙት መጽሐፍ ልጆቹ አድገው የደረሱበትን ይተርካል።

የመጽሐፉ እምብርት አንድ ንጽጽር ነው። ከወንዶቹ መካከል እጅግ የተሳካላቸው 150 እና እምብዛም ያልተሳካላቸው 150 ሰዎች ጎን ለጎን ቀረቡ። በልጅነታቸው በተለካው የአእምሮ ችሎታ ልዩነታቸው ጥቂት ነበር። የለያቸው ሌላ ነው፦ የጀመሩትን ከዳር ማድረስ፣ ግብን አውቆ ወደዚያው መጓዝ፣ በራስ መተማመን፣ ከበታችነት ስሜት ነፃ መሆን። ለመሆኑ ሁሉም ነገር ያለ ድካም የሚገባው ልጅ መድከምን መቼ ይለማመዳል? «አንተ እኮ ጎበዝ ነህ» እየተባለ ያደገ ልጅ፣ አንድ ቀን የከበደው ጥያቄ ሲገጥመው ሞኝነቱ የታወቀበት እየመሰለው ይሸሻል። ይህን ደግሞ በየቤታችን እናየዋለን።

እኔ የምነቅፈው «ተሳካለት» የሚለውን ቃል ነው። መስፈርቱ ሰውየው ችሎታውን በሥራው ላይ ምን ያህል አዋለው የሚል በመሆኑ፣ በአነስተኛ ሥራ እየተዳደረ ቤቱን በሰላም የሚመራ አባት «ካልተሳካላቸው» ተርታ ሊመደብ ይችላል። ሴቶቹስ? በዚህ ንጽጽር ጭራሽ የሉም! ልጆች ሲያሳድጉ የኖሩት እናቶች ድካም በየትኛው ሚዛን ይለካ? ለፍትሕ ያህል፣ ተርማን ስለ ተጠኚዎቹ ጤናና ትዳርም ጠይቀዋል፤ «ብልህ ልጅ በሽተኛና ብቸኛ ነው» የሚለውን የዘመኑን ወሬም አፍርሰዋል።

ሚዛን ከተነሳ ዘንድ፣ ያኔ ተፈትነው ነጥብ አንሷቸው ከጥናቱ የቀሩ ሁለት ልጆች ነበሩ፤ ዊልያም ሾክሌይና ሉዊስ አልቫሬዝ። አንደኛው በ1956፣ ሌላኛው በ1968 በፊዚክስ የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ። ከተመረጡት መካከል ግን ይህን ሽልማት ያገኘ አንድም ሰው የለም።