«ማለቂያ የሌለው የድርድር ድምር»፦ በአንዲት «የ» ላይ የቀረበ ሒስ

በሒሳብ ትርጉም ውስጥ «ማለቂያ የሌለው የጂኦሜትሪያዊ ድርድር ድምር» የሚል ሐረግ ሲጻፍ አንባቢ ሳይጠራጠር ያልፈዋል። ይሁን እንጂ ሐረጉ የሒሳቡን ሐሳብ ይገለብጣል። «የመጣው የሰው ልጅ» ስንል የመጣው ልጁ ነው፤ «የመጣው ሰው ልጅ» ስንል ግን የመጣው አባቱ ነው። በአማርኛ የባለቤትነቱ «የ» ከዘርፉ ገላጭ «የ» ጋር ስለማይደራረብ ይዋጣል። ስለዚህ «ጂኦሜትሪያዊ» ላይ የተጨመረችው «የ» ማለቂያ የማጣቱን ነገር ከድርድሩ ነጥቃ ለድምሩ ትሰጣለች። (ይኸው «ድርድር» በጋዜጣ ቋንቋ ሌላ ትርጉም ያለው መሆኑ ለጊዜው ይቆየን።)

እውነቱ ግን አባላቱ አያልቁም፣ ድምሩ የታወቀ ቁጥር ነው። አርኪሜዴስ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ3ኛው መቶ ዓመት የፓራቦላን ቁራጭ ስፋት ሲለካ 1 + 1/4 + 1/16 እያለ የሚቀጥለውን ድርድር ተጠቅሟል። እስከ መጨረሻ የለሽነት አልደመረም፤ የትም ቢቆም፣ በመጨረሻው አባል ሢሶ ሲሞላ 4/3 እንደሚሆን አሳየ፤ ከዚያም ስፋቱ ከ4/3 ሊበልጥም ሊያንስም እንደማይችል አረጋገጠ።

ዛሬ የሚዘወተረው መንገድ አጭር ነው። ድምሩን «ድ» ብንለው ድ = 1 + ድ/4 ይሆናል፤ ስለዚህ ድ = 4/3። ዘዴው ያምራል፤ ነገር ግን በ1 + 2 + 4 + … ላይ ቢሠራ ድ = 1 + 2ድ ሆኖ −1 ይወጣል። አዎንታዊ ቁጥሮች ተደምረው አሉታዊ! እንግዲህ «ድምሩን መፈለግ» የሚለው አርእስት ራሱ የድምሩን መኖር አስቀድሞ ያመነ ነው። ኮሺ በ1821 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ ድምርን፣ ከፊል ድምሮቹ ያለ ገደብ የሚጠጉት ቁጥር አድርጎ ደነገገው። ውድሩ ከ−1 በላይና ከ1 በታች ሲሆን ይህ ቁጥር አለ፤ የሚገኘውም የመጀመሪያው አባል፣ ውድሩ ከ1 ተቀንሶ ለሚቀረው ሲካፈል ነው።

ከዚህ የግስ ምርጫ ይከተላል። «ድምሩ ወደ 4/3 ይጠጋል» የሚል ተርጓሚ ተሳስቷል፤ የሚጠጉት ከፊል ድምሮቹ ናቸው፣ እነርሱም አይደርሱበትም። ድምሩ 4/3 ነው። ስለዚህ «ማለቂያ የሌለው ጂኦሜትሪያዊ ድርድር ድምር» ተብሎ ይጻፍ፤ ሐረጉ ለጀማሪ ከከበደ «አባላቱ የማያልቁ ጂኦሜትሪያዊ ድርድር ድምር» ማለት ይቻላል። ይረዝማል፣ ግን አያሳስትም።