«የውጭ» ማለት ከምን ውጭ ነው? ስለ አንድ የገመድ ስያሜ የቀረበ ሂስ

ለስብሰባ አዳራሽ፥ ለቲያትር ቤት ወይም ለስቱዲዮ የሚዘረጋ የድምፅና የምስል ሥርዓት አስቀድሞ በኮምፒዩተር የንድፍ ፕሮግራም ይነደፋል። በንድፉ ላይ እያንዳንዱ መሣሪያ በሣጥን፥ መሣሪያዎቹን የሚያገናኘው ገመድ ደግሞ በመስመር ይወከላል። ይህ መስመር እንዲያው የተሰመረ ጭረት አይደለም። ፕሮግራሙ የገመዱን ቍጥር፥ ዐይነትና ሁለቱን ጫፎች ከመስመሩ ላይ እየወሰደ የገመዶችን ዝርዝር ያወጣል፤ ገዢውም የሚገዛው፥ ሠራተኛውም የሚዘረጋው በዚሁ ዝርዝር መሠረት ነው። ስለዚህ በዚህ ሥራ አንድ ስያሜ ሲሳሳት ስሕተቱ ከወረቀት አልፎ ከግድግዳ ውስጥ ይገባል።

በዚህ ረገድ አስቸጋሪ ሆኖ የሚገኘው «ኤክስተርናል ኬብል» የሚለው የእንግሊዝኛ ስያሜ ነው። ቃል በቃል የሚሄድ ተርጓሚ «የውጭ ገመድ» ይለዋል። በሰዋስው በኩል እንከን አይወጣለትም፤ ጥያቄው ግን ከምን ውጭ? የሚል ነው። እንግሊዝኛው ራሱ ቢያንስ ሦስት ነገሮችን ሊያመለክት ይችላል። አንደኛ፥ ከመሣሪያው አካል ውጭ ሆኖ አንዱን መሣሪያ ከሌላው የሚያገናኝ ገመድ፤ ሁለተኛ፥ ከሕንፃ ውጭ በፀሐይና በዝናብ የሚዘረጋ ገመድ፤ ሦስተኛ፥ አንዱ ጫፉ በንድፉ ውስጥ ሆኖ ሌላው ጫፉ በንድፉ ላይ ከሌለ ሥርዓት የሚደርስ ገመድ። አማርኛው ደግሞ አራተኛ ይጨምርበታል። የውጭ ምንዛሪ፥ የውጭ ንግድ፥ የውጭ ጉዳይ ለሚል አንባቢ «የውጭ ገመድ» ከባሕር ማዶ የመጣ ዕቃ ነው።

ለምሳሌ የአንድ አዳራሽ ንድፍ እናስብ። ከድምፅ ማደባለቂያው የሚነሣ መስመር በግቢው ለሚቆም የቴሌቪዥን ሥርጭት መኪና ድምፅ ይሰጣል። መኪናው የአዳራሹ ንብረት ስላልሆነ በንድፉ ላይ አይገኝም። ነዳፊው ግን መስመሩን ጫፍ አልባ አድርጎ ሊተወው አይገባም፤ በጫፉ ላይ ምልክት አኑሮ ወዴት እንደሚሄድና በምን ዐይነት ሶኬት እንደሚያልቅ መጻፍ አለበት። ይህ ካልሆነ ገመዱ ከዝርዝሩ ሊቀር ይችላል። አሁን በዝርዝሩ ላይ «የውጭ» ተብሎ ቢጻፍ፥ ገዢው የውጭ አገር ምርት ይፈልጋል፤ ሠራተኛው ፀሐይ የሚቋቋም ልባስ ያለው ገመድ ይጠብቃል፤ ነዳፊው ያሰበው ግን ከንድፉ ክልል የሚያልፈውን ነው። ሦስቱም አማርኛውን በትክክል አንብበዋል፤ በአሳብ ግን አልተገናኙም።

«ወጪ ገመድ» ማለትም መፍትሔ አይሆንም። ወጪ በዕቃ ዝርዝር ላይ ሲጻፍ ገንዘብን ያስታውሳል፤ በዚያ ላይ እንግዳ ተናጋሪ ከግድግዳው ሶኬት ላይ የሚሰካው የኮምፒዩተር ገመድ ገቢ እንጂ ወጪ አይደለም። «የውጭ ግንኙነት» የሚለውም ዲፕሎማሲን ከማስታወሱ ሌላ፥ ዝምድናውን ከዕቃው ጋር ያደባልቃል። አንድ ግንኙነት በመካከሉ የግድግዳ ሶኬት ሲኖር በሁለት ወይም በሦስት ገመድ ሊፈጸም ይችላልና ሁለቱ ስያሜዎች ተለይተው መቆየት ይገባቸዋል።

የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ የሚከተለውን አሳብ ያቀርባል። መሣሪያን ከመሣሪያ የሚያያይዘው «ማገናኛ ገመድ»፤ ከሕንፃ ውጭ የሚዘረጋው «የደጅ ገመድ»፤ ከንድፉ ክልል የሚያልፈው «ተሻጋሪ ገመድ» ቢባል ይሻላል። ተሻጋሪ የሚለውን ቃል የሰዋስው ሰዎች ድርጊቱ ወደ ተሳቢ ለሚያልፍ ግሥ ስለሚጠቀሙበት ለአንባቢ እንግዳ አይሆንም፤ አቅጣጫን ስለማይወስንም ለገቢውም ለወጪውም ያገለግላል። እንዲሁም «ሽቦ አልባ» እና «ገመድ አልባ» ለአንድ ነገር እየተባሉ ሽቦና ገመድ ቢቀላቀሉም፥ በንድፍ ሥራ ሽቦ ለውስጡ ብረት፥ ገመድ ለተለበሰው ሙሉ ዕቃ ተለይተው ቢሠራባቸው መልካም ነው።

«የደጅ ገመድ» ለቴክኒክ ጽሑፍ እጅግ የቤት ውስጥ አነጋገር ነው የሚል ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። ይሁን እንጂ ገመዱን የሚዘረጋው ሠራተኛ ያለ አስተርጓሚ የሚረዳው ስያሜ ይኸው ነው። ስለዚህ ስያሜዎቹ ከመጽደቃቸው በፊት በነዳፊዎችና በሠራተኞች ፊት በአንድ እውነተኛ የገመድ ዝርዝር ላይ ቢፈተኑ ተገቢ ይሆናል።