የቆመች ቮልስ ስትነሣ፦ ጥሩ እጅ በምን ይታወቃል?

አዲስ አበባ ውስጥ ከአባት ወይም ከአጎት ተወርሳ፣ ሸራ ለብሳ በግቢ ጥግ የቆመች ቮልስዋገን ማየት ብርቅ አይደለም። አንድ ቀን ወራሹ ልቡ ይነሣና መካኒክ ይጠራል። ባትሪ ይቀየራል፣ ቤንዚን ይጨመራል፣ ሞተሩ ያጓራል፣ ቤተሰቡ ያጨበጭባል። ደስታው የሚገባ ነው፤ ግን መነሣቷ ብቻ ስለ ሥራው ጥራት የሚነግረን ነገር የለም። ለዓመታት የቆመች መኪና ላይ ጥሩ መካኒክ የሚለየው ቁልፉ ከመዞሩ በፊት በሠራው ነው። ችኩል ጅብ ቀንድ ይነክሳል የሚባለው እዚህ ላይ በትክክል ይሠራል።

ከሞተሩ እንጀምር። ሳይዞር የኖረ ሞተር ሲሊንደሩ ይደርቃል፣ የፒስተን ቀለበቶቹም በዝገት ሊያዙ ይችላሉ። አዋቂ መካኒክ ካንዴላዎቹን ፈትቶ በየቀዳዳው ጥቂት ዘይት ይጨምርና ያሳድረዋል፤ በማግስቱ ሞተሩን በእጁ ቀስ ብሎ ያዞረዋል። አሮጌውን ዘይትም ያወጣል። ቮልስ የምትይዘው 2.5 ሊትር ያህል ብቻ ነው። ፋብሪካው የወረቀት ፊልትሮ አልሠራላትም፤ ቆሻሻ የሚይዝላት ከታች ያለው የሽቦ ወንፊት ነው። ወንፊቱ ወጥቶ ካልታጠበ ዘይት መቀየሩ ግማሽ ሥራ ነው። ቀጥሎ ካንዴላዎቹ እንደወጡ በሞተሪኖ እያዞረ የዘይት መብራቱ እስኪጠፋ ይጠብቃል፤ እሳት የሚሰጠው ዘይት መድረሱን ካረጋገጠ በኋላ ነው። መካኒኩን «ወንፊቱ ላይ ምን አገኘህ?» ብለው ይጠይቁት። ሥራውን የሠራ ሰው መልሱ አፉ ላይ ነው።

ነዳጅ ላይ ደግሞ የሚለየው ጥንቃቄ ነው። የቆየ ቤንዚን ተበላሽቶ የሚያጣብቅ ዝቃጭ ይሆናል። በላዩ አዲስ መጨመር ዝቃጩን ወደ ካርቡሬተሩ መላክ ነው። ከፊት ያለው ታንከር ባዶ ሆኖ መታጠብ፣ ካርቡሬተሩም ተፈትቶ መጽዳት አለበት። የነዳጅ ቱቦዎች ሁሉ፣ ደህና የሚመስሉትም ጭምር፣ አዲስ መሆን ይገባቸዋል። የደረቀ ጎማ ቱቦ ሞተር ክፍል ውስጥ ቤንዚን ሲያፈስስ እሳት ይነሣል፤ ብዙ ቮልስ በዚህ ጠፍታለች። ሌላም የአገራችን ጉዳይ አለ። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፣ አየሯ ስስ ነው። ለዝቅተኛ ቦታ የተመጠነ ካርቡሬተር እዚህ ቤንዚን ያበዛል። ጥቂት ከተነዳች በኋላ ካንዴላ አስፈትተው ይመልከቱ፦ ጥቁር ጥቀርሻ ከለበሰ ማስተካከያው ገና ነው፤ ፈዛዛ ቡናማ ከሆነ የተሠራው በሚያውቅ እጅ ነው።

ብዙ ጋራዦች የሚወድቁበት ፈተና የማቀዝቀዣው ነው። ቮልስ ውኃ የላትም፤ ሞተሯን የሚያቀዘቅዘው በቺንጊያ የሚዞረው ማራገቢያ የሚነፋው አየር ነው። ያን አየር ወደ ሲሊንደሮቹ የሚመሩት በሞተሩ ዙሪያ የተገጠሙ ቆርቆሮዎች ናቸው። በሞተር ክፍሉ ጠርዝ ያለው ጎማ ደግሞ ከታች ያለው ትኩስ አየር ተመልሶ እንዳይገባ ይከላከላል። ሞተር ያወረደ ሰው «አያስፈልግም» ብሎ የሚጥላቸው እነዚህን ነው። መኪናዋ ያለ እነሱም ትነሣለች፤ ነገር ግን በረጅም ዳገት ትቃጠላለች። በተለይ እ.ኤ.አ. እስከ 1970 ገደማ በተሠሩት ላይ የዘይት ማቀዝቀዣው የሦስተኛውን ሲሊንደር አየር ስለሚጋርድ ያ ሲሊንደር ከሌሎቹ ይበልጥ ይሞቃል። ስለዚህ የኋላውን ኮፈን ከፍተው ክፍተት ይፈልጉ። መሬቱ በሞተሩ ዳርና ዳር የሚታይ ከሆነ ሥራው አላለቀም። የቫልቭ ክፍተትንም ይጠይቁ፤ በአብዛኞቹ ሞተሩ በርዶ 0.15 ሚሊሜትር ነው። ሞተሩ ሞቆ ሳለ የለካ ሰው አልለካም።

ፍሬን ላይ ድርድር የለም። የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ይስባል፣ ለዓመታት ሲቆይ ቧንቧውንና ሲሊንደሮቹን ከውስጥ ያዝጋል። የጎማ ቱቦዎቹም ወደ ውስጥ ያብጡና ፍሬኑ ተይዞ ይቀራል። በእጅ ገፍተው በቀላሉ የማትሄድ ቮልስ ይህን ትነግርዎታለች። የቆዩት ሞዴሎች የፍሬን መስመራቸው አንድ ብቻ ነው፤ ያ ካፈሰሰ አራቱም ጎማ ፍሬን ያጣል። ጎማዎቹንም ከጎናቸው ያንብቡ፦ እ.ኤ.አ. ከ2000 ወዲህ በተሠሩት ላይ የመጨረሻዎቹ አራት አሐዞች ሳምንቱንና ዓመቱን ይናገራሉ። ጥርሱ ያላለቀ አሮጌ ጎማ ዓይን ያታልላል፣ ሲሞቅ ግን ይፈነዳል።

አካሉ ላይ ሲደርሱ ቀለሙን መጨረሻ ያድርጉት። መጀመሪያ የኋላ ወንበር ያንሡ፤ ባትሪው የሚቀመጥበት ወለል በአሲድና በዝገት የመጀመሪያው ተጎጂ ነው። ከዚያ በበሮቹ ሥር የሚያልፈውን፣ ሙቀት የሚያስተላልፈውን ቦይ ይንኩት። የአካሉ ጥንካሬ ከዚያ ነው። ማግኔት ያስጠጉ፤ የማይይዝበት ቦታ ስቱኮ ተለብጧል። ጥሩ ባቱላሜራ የበሰበሰውን ቆርጦ አዲስ ላሜራ ይበይዳል፣ ስቱኮውም ስስ ነው። መጥፎው ዝገቱን ከነሕይወቱ ይቀብረዋል፤ አንድ ክረምት ሳይሞላ ያብጣል። በሩን ዘግተው ክፍተቱን በዓይንዎ ይከተሉ፤ ከላይ እስከ ታች እኩል መሆን አለበት።

በመጨረሻም ምን እንዳልተነካ ይመልከቱ። የሻንሲ ቁጥሩ ከኋላ ወንበር ሥር በመሐል ዋሻው ላይ ተመትቷል፤ ከሊብሬው ጋር ያመሳክሩት። የቀድሞ መሪ፣ የፍጥነት መለኪያ፣ የአባትዎ እጅ ያለሰለሰው የማርሽ ዘንግ በአዲስ ካልተተኩ ባለሙያው ማክበር ያውቃል። የመጨረሻዋ ቮልስ ሜክሲኮ ውስጥ ከተሠራችበት እ.ኤ.አ. ከ2003 ወዲህ አዲስ አልተሠራም፤ ስለዚህ የተጣለ ኦርጅናል ዕቃ በቀላሉ አይመለስም።

ሲረከቡ የወጡትን አሮጌ ዕቃዎች ሁሉ ይጠይቁ፣ የተሠራውንም በጽሑፍ ይቀበሉ። ወንፊቱን ያጠበ፣ ቆርቆሮውን የመለሰ፣ ፍሬኑን ከቀለም ያስቀደመ መካኒክ ካገኙ ዋጋውን አይከራከሩት፤ ጊዜውንም አያጣድፉት። የአባትዎ መኪና ለልጅዎ የምትደርሰው በእንዲህ ያለ እጅ ነው።