በነደባው ዙሪያ

ሐረር ጀጎል ውስጥ፣ ሁለት ሰው ጎን ለጎን በማያስኬድ መንገድ ጫፍ ላይ፣ እንግዳ ማሳደሪያ የሆነ አንድ ጌይ ጋር፣ የሐረሪዎች ባህላዊ ቤት፣ አለ። ከውጭ የሚታየው የግቢ በርና ነጭ አጥር ብቻ ነው። ሁለት ሌሊት አድሬበት ወጣሁ፤ ግድግዳው ግን እስከ ዛሬ ከዓይኔ አልጠፋም።

ግድግዳው በድንጋይና በጭቃ የተሠራ ወፍራም ግንብ ነው። እንዲህ ያለ ግንብ ከመሬት የሳበውን እርጥበት በፊቱ እያስወጣ ይኖራል። ሲሚንቶ ከተለሰነበት ውሃው መውጫ ያጣል፤ ውስጥ ውስጡን ጭቃውን ያላላዋል፤ ጥቂት ክረምት ካለፈ በኋላ ልስኑ እንደ ቅርፊት ይነሳል። እዚህ ቤትም አንድ ጊዜ ሲሚንቶ ተለስኖ ነበር። ሲታደስ ግንበኞቹ ያንን በመሮ እየፈለፈሉ አንስተው፣ የተቦረቦረውን በጭቃና በጠጠር ሞልተው፣ በኖራ ቀብተውታል። እጄን አሳረፍኩበት፤ ልሙጥ አይደለም። የመዳፍ ሞገድ አለው፤ ማዕዘኖቹም ዱልዱም ናቸው። የጧት ብርሃን በበሩ ሲገባ ግድግዳው ላይ ጥላ አይሰበርም፤ ቀስ ብሎ ይዞራል።

ዋናው ክፍል፣ ጊዲር ጋር የሚሉት፣ አልጋ አልገባበትም። ይህ ከሁሉም የከበደ ውሳኔ ይመስለኛል፤ ሁለት ተከራይ የሚይዝ ቦታ ነውና። አምስቱ ነደባዎች ግን እንደነበሩ አሉ። ነደባ ከወለሉ ከፍ ብሎ የተገነባ መደብ ነው፤ እያንዳንዱም ስምና ባለቤት አለው። አሚር ነደባ የቤቱ አባወራና የክቡር እንግዳ ነው፤ ከበሩ ኋላ ያለው ደግሞ ሌላ ማዕረግ አለው። ማን የት እንደሚቀመጥ ግንበኛው በድንጋይ ጽፎታል። አንዱ መደብ ቢፈርስ ወይም አልጋ ቢተከልበት ያ ሁሉ ሥርዓት ይጠፋል። ጀጎል በ1998 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ስትመዘገብ ከ82 መስጊዶቿ ጋር የእነዚህ ቤቶች ውስጥ አሠራር የተመሰከረለት በከንቱ አይደለም።

ወለሉና የነደባዎቹ ፊት በቀይ አፈር የተቀባ ነው። ብዙዎች ቀለሙን በ1879 ዓ.ም. በጨለንቆ ጦርነት ከፈሰሰው ደም ጋር ያያይዙታል። ሴራሚክ ቢነጠፍ ጽዳቱ በቀለለ ነበር። የቤቱ እናት ግን በየጊዜው መቀባቱን መርጠዋል፤ የነጭ ካልሲዬ ጫፍ ቀልቶ ስላዩ «ልጄ፣ ይታጠባል» አሉኝ።

እኔ ያደርኩት ቂርጣጥ ውስጥ ነው፤ ዱሮ ሙሽሮች ከሠርጋቸው በኋላ የሚከተቱባት ጠባብ ክፍል። የተገዛ አልጋ አይገባባትም፤ አናጢ ለክቶ፣ ከግድግዳው ዝንፈት ጋር የሚሄድ ዝቅ ያለ አልጋ ሠራላት። ከግንቡ ጋር የተነካካ ምስማር ፈልጌ አጣሁ። የመብራቱ ሽቦ የት እንዳለፈ ለማወቅ ጋደም ብዬ ጣራውን ፈተሽኩ፤ በሁለት ግንዲላዎች መካከል ባለው ጥላ ውስጥ ተጋድሟል። ማብሪያውም ጣቄት ውስጥ፣ የቆየ የግድግዳ ጉድጓድ ውስጥ፣ ገብቷል። አዲስ ቀዳዳ አልተቆፈረም!

መታጠቢያ ቤቱ የት ይግባ የሚለውም ሌላ አስቸጋሪ ጥያቄ ነበር። የጭቃ ግንብ ውስጥ ቧንቧ ማሳለፍ፣ ቧንቧው የላላ ቀን ግንቡን ማጣት ነው። ስለዚህ ግቢው ማዶ፣ ማድ ቤቱ በነበረበት ጥግ ብቻውን ተገነባ። ሌሊት ግቢ ማቋረጥ ያስፈልጋል፤ ለአንዳንድ እንግዳ ይከብዳል። እኔ ግን ቤቱን ለማዳን የተከፈለ ትክክለኛ ዋጋ ነው እላለሁ። ወደ ቀላው፣ ወደ ፎቁ፣ በሚያወጣው ደረጃ ላይ የተበየደው ብረት ግን ዓይኔን ወግቶታል። ለእንግዳ ደኅንነት መሆኑ ገብቶኛል፤ አናጢው ዕድል ቢሰጠው በእንጨት የተሻለ ያደርገው ነበር።

ስወጣ ጧት ነበር፤ ፈጢራና ማር ቀርቧል። ግንበኛው የኖራ ጣሳ ይዞ ገባ፤ ክረምት ሊመጣ ነው። ሳይናገር ግድግዳውን በእጁ ጀርባ እየዳሰሰ ዞረ። አንድ ቦታ ላይ ቆመ፤ የመዳፍ ያህል እርጥበት አግኝቶ ነበር። ጣሳውን መሬት አስቀምጦ ብሩሹን አላነሳም፤ መጀመሪያ እንዲደርቅ በሩን ከፍቶ ተቀመጠ።