ምከረው ምከረው

ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የተጓዘ ሰው ከሚሴን ያውቃታል። ሸዋ ሮቢትን፣ አጣዬንና ሰንበቴን አልፎ፣ ኮምቦልቻ ሳይደርስ፣ ሙቀቱ የመኪናውን መስኮት ሲያስከፍት ያገኛታል። አብዛኛው መንገደኛ ሻይ ቢጤ ቀምሶ ያልፋል። እኔ ግን ከዓመታት በፊት ወር ከምናምን ከርሜባታለሁ። ጉዳዬ «ሪሰርች» ነበር። የማስተርስ መመረቂያ ጽሑፌን የምሠራው በጨፋ ሜዳ ግጦሽ ላይ ነበር።

ጨፋን ለማያውቅ አንባቢ ትንሽ ልበል። ቦርከና ወንዝ ከደሴ አካባቢ ደጋ ተነሥቶ፣ በኮምቦልቻ በኩል ወርዶ፣ ከሚሴ ዙሪያ የሚያረሰርሰው ሰፊ ረግረጋማ ሜዳ ነው። በጋው ሲከር የዞኑ ኦሮሞም፣ ከቆላው የሚመጣው አፋርም፣ በዙሪያው ያለው አማራም ከብቱን ይዞ ፊቱን የሚያዞረው ወደዚያ ነው። በ1994 ዓ.ም. የወጣ አንድ የተባበሩት መንግሥታት ሪፖርት ጨፋን የ50 ሺህ አርብቶ አደሮችና የ200 ሺህ እንስሳት መጠጊያ ሲል በርዕሱ ላይ አስፍሮታል። እንዲህ ያለ ቦታ ላይ ሣርና ውሃ የሕይወት ጉዳይ ነው። የሰላምም ጉዳይ ነው።

ይህን የሚያህል ነገር ይዤ የሄድኩት በአምስት ምርጫ በተከፋፈለ መጠይቅ ነው። «የግጦሽ መሬት አስተዳደሩ አሳታፊ ነው። በጣም እስማማለሁ፤ እስማማለሁ፤ ለመወሰን እቸገራለሁ፤ አልስማማም፤ በጣም አልስማማም።» ይህ ዓይነቱ መለኪያ ሬንሲስ ሊከርት የተባለ አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ1932 ያወጣው ነው። መጠይቁ መጀመሪያ በእንግሊዝኛ ተጻፈ፤ እኔ ወደ አማርኛ መለስኩት፤ ረዳቴ ደግሞ ፊት ለፊት ወደ ኦሮምኛ ይመልሰዋል። መልሱም በዚያው መንገድ ተመልሶ እንግሊዝኛ ይሆናል። በየኬላው ምን ያህል እንደሚቀረጥ አስቡት።

ዳዋ ጨፋ ውስጥ አንድ ሽማግሌ ዛፍ ሥር ተቀምጠው ጥያቄዬን በትዕግሥት አዳመጡ። ሦስተኛው ላይ ስንደርስ ወደ ረዳቴ ዞር ብለው፣ «ይሄ ልጅ ከማን ጋር ሊያጣላኝ ነው?» አሉ።

እኛ ሳቅን። እርሳቸው አልሳቁም።

«አባባ፣ ለትምህርት ነው እኮ» አልኩ።

«ለትምህርት ከሆነ እኔም ልጠይቅህ፣ ልጄ። ይሄ ውሃ ከላይ ከኮምቦልቻ ምን ይዞ ነው የሚመጣው? ከብቶቼ እየጠጡት ነው። አንተ የተማርክ ነህ፤ እስቲ ጠይቀህ ንገረኝ።»

ጥያቄያቸውን ደብተሬ ላይ ጻፍኩት። ኮምቦልቻ የጨርቃ ጨርቅ፣ የቆዳና የቢራ ፋብሪካ ያለባት ከተማ ናት። ሽማግሌው ሊከርትን ባያውቁም ምን መጠየቅ እንዳለበት ከእኔ በተሻለ ያውቁ ነበር።

ተመልሼ ለአማካሪዬ ነገርኳቸው። ዶክተሩ ሰዓታቸውን እያዩ፣ «ከስኮፕህ ውጭ ነው። ሳምፕልህን ሙላ» አሉኝ። ደጃቸው ላይ ሁለት ሳምንት ተመላልሼ ያገኘሁት ምክር ይኸው ነው። የጽሑፌን ረቂቅ ካስረከብኩ በኋላም ለሦስት ወር ድምፅ ጠፋ። በመጨረሻ ሲመለስልኝ ሽፋኑ ላይ በቀይ እስክሪብቶ «ፎንቱ ይስተካከል» የሚል አገኘሁ። ውስጡ ንጹሕ ነው። እንደ አዲስ ሙሽራ ማንም አልነካውም። እኔም ፎንቱን አስተካክዬ፣ ፊርማ አግኝቼ ተመረቅሁ። በመከላከያው ቀን የውጭው ፈታኝ የጠየቁት ስለ ናሙናው ብዛት ነበር። ስለ ውሃው ማንም አልጠየቀም። ጽሑፉ ውስጥ የለማ!

እንግዲህ ይህን ሁሉ የማወራው አማካሪዬን ለማማት ብቻ ቢሆን ኖሮ ባልጻፍኩት ነበር። የባሰው የሚመጣው ቀጥሎ ነው። ዓመታት አለፉና እኔም በተራዬ አማካሪ ሆንኩ። ሦስት ክፍል አስተምራለሁ፤ ማታና ቅዳሜም አለ፤ 14 ተመካሪ ተመድቦልኛል። አንዲት ልጅ ከሩቅ ወረዳ እየተመላለሰች ረቂቋን ሰጠችኝ። ከወር በላይ ቦርሳዬ ውስጥ ተንከራተተ። አንድ ቀን ኮሪደር ላይ አግኝታኝ፣ «ጋሼ፣ ይቅርታ፣ አስቸገርኩዎት፤ አይተውልኝ ይሆን?» አለችኝ። ይቅርታ የምትጠይቀው እርሷ ናት! ያን ዕለት ማታ ጽሑፏን አወጣሁና ከመጀመሪያው ገጽ ልጀምር ስል እጄ ወዴት እንደሄደ ታውቃላችሁ? ወደ ፎንቱ።

«ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው» ይላሉ አባቶች። የኛን ተማሪ መከራ የሚመክረው ግን እምቢ ብሎ አይደለም፤ መካሪ አጥቶ ነው።

ለምን እዚህ ደረስን? በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የማስተርስ ትምህርት የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1979፣ የዶክትሬቱ ደግሞ በ1987 ነው። ያኔ ተማሪውም መምህሩም በጣት የሚቆጠር ነበር። በ1990ዎቹ ዩኒቨርሲቲዎች እንደ እንጉዳይ ፈሉ፤ ዛሬ የመንግሥቶቹ ብቻ ከ40 በላይ ናቸው። መስፋፋቱን አልቃወምም። የከሚሴ ልጅ ደሴ ወይም ደብረ ብርሃን ላይ ማስተርስ መማር መቻሉ ትልቅ ነገር ነው። ነገር ግን ሕንጻ በሁለት ዓመት ይቆማል፤ አማካሪ ለማብሰል ሃያ ዓመት ይፈጃል። እኛ ሕንጻውን ቆጠርን፣ ተመራቂውን ቆጠርን፤ አማካሪውን መቁጠር ረሳን። አሁን ደግሞ መግቢያውን ለማጥበቅ ብሔራዊ የድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተና መጥቷል። ጥሩ። በሩ ላይ እንፈትሻለን፤ ከገባ በኋላ ግን «ማን አነበበልህ?» ብሎ የሚጠይቅ የለም።

ባዶ ቦታ ደግሞ ባዶ ሆኖ አይቀርም። አማካሪው ያልሞላውን ኮምፒውተር ቤቱ ይሞላዋል። ፕሮፖዛል የሚጽፍ፣ ዳታ «የሚያመርት»፣ እስከ ምዕራፍ አምስት ጨርሶ የሚያስረክብ ሰው አለ፤ ማስታወቂያውም በአደባባይ ተለጥፎ ይታያል። ተማሪውን «ሌባ» ብለን እንረግመዋለን። ልክ ነው፣ ሌብነት ነው። ግን የማይነበብ ጽሑፍ ለምን ተጨንቆ ይጽፋል? አንባቢ እንዳለው የሚያውቅ ተማሪ ለመስረቅም ይፈራል።

የተሻለ አይተን የማናውቅ ቢሆን ኖሮ ዝም ባልኩ። ስድስት ኪሎ፣ ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ውስጥ ያለውን የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም የጎበኘ ያውቀዋል። የታሪክ ተማሪዎች ለመጀመሪያ ዲግሪ ብቻ የጻፏቸውን ወረቀቶች ታላላቅ ተመራማሪዎች ዛሬም ይጠቅሷቸዋል። ተማሪው ወደ ትውልድ ወረዳው ሄዶ ሽማግሌ አነጋግሮ ይመለሳል፤ መምህሩም መስመር በመስመር ያነባል። ስለ ወሎ እስልምና ማወቅ የሚፈልግ ሰው የሚሄድበት የፕሮፌሰር ሁሴን አሕመድ መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ2001 የታተመ ነው፤ መነሻው ግን በበርሚንግሃም ዩኒቨርሲቲ የሠሩት የዶክትሬት ጥናት ነው። የወሎን ሰው አፍና የወሎን የብራና ጽሑፍ አክብረው ስለያዙት ሥራው ዘመን ተሻገረ። መመረቂያ ጽሑፍ መደርደሪያ ላይ ሊሞት አልተፈጠረም ማለት ነው።

የከሚሴ ነገር ደግሞ ከፎንት ያለፈ ነው። በ2013 ዓ.ም. በአጣዬና በዙሪያዋ የደረሰውን እናውቃለን። በ2014 መጀመሪያ ጦርነቱ ደሴን፣ ኮምቦልቻንና ከሚሴን ሲያዳርስ ወሎ ዩኒቨርሲቲም ተዘርፏል። ከዚያ ወዲህም በክልሉ መንገድ ሲዘጋና ሲከፈት እያየን ነው። «ፊልድ መውጣት አልቻልኩም» ለሚል ተማሪ የሚሰጠው ምክር «ርዕስ ቀይር፤ እዚሁ ቢሮ ውስጥ የሚያልቅ ፈልግ» ሆኗል። ለነፍሱ ብሎ ቢቀይር አልፈርድበትም። ግን ጎረቤታሞች ሣርና ውሃ እንዴት ሲጋሩ እንደኖሩ፣ ሲጣሉ ማን እንደሚያስታርቃቸው፣ ዕርቁ የት ላይ እንደሚሰበር ማወቅ ከዛሬ የበለጠ የሚያስፈልግበት ጊዜ መቼ ይመጣል? ይህን የሚያውቁት ሽማግሌዎች እያለፉ ነው። እኛ ግን «በጣም እስማማለሁ» ላይ ምልክት እያስደረግን ነው።

ምን ይደረግ? ገንዘብ የማይጠይቅ ነገር ልናገር። አንድ አማካሪ ሊያነብ ከሚችለው በላይ ተማሪ አይመደብለት፤ የተመደበለትንም ረቂቅ በተወሰነ ቀን ውስጥ አንብቦ በጽሑፍ ይመልስ፤ ካልመለሰ ተጠያቂው ተማሪው ሳይሆን እርሱ ይሁን። ተማሪውም «ዶክተር ይቀየሙኛል» ብሎ የሚሸሽገውን የሚያቀርብበት ሌላ በር ይኑረው። ከሁሉም በላይ ደግሞ እያንዳንዱ ጽሑፍ ከመጽደቁ በፊት ሁለት ገጽ ማጠቃለያ፣ ጥናቱ በተካሄደበት ሕዝብ ቋንቋ ተጽፎ ወደ ወረዳው ይላክ። ለከሚሴ በኦሮምኛ ማለት ነው። ለጠያቂው መልስ የማይመልስ ጥናት፣ የሰው ቤት ገብቶ ቡና ጠጥቶ ሳይመርቅ እንደሚወጣ እንግዳ ነው።

የዚያችን ልጅ ጽሑፍ በመጨረሻ ሁለት ሌሊት ቁጭ ብዬ አነበብኩት። ምዕራፍ አራት ላይ እኔ የማላውቀው ነገር ነበረበት። በኮሜንት ፈንታ «ይህን ከማን ሰማሽ?» ብዬ ጻፍኩባት። በማግስቱ ቢሮዬ መጥታ አንድ ሰዓት ሙሉ አወራችኝ። ፊርማ ያልጠየቀችኝ ያን ቀን ብቻ ነው።

የዳዋ ጨፋው ሽማግሌ ዛሬ በሕይወት ይኑሩ አይኑሩ አላውቅም። ዲግሪዬን ግድግዳዬ ላይ ሰቅዬዋለሁ። የእርሳቸው ጥያቄ ግን እስከ ዛሬ ሳይመለስ ደብተሬ ውስጥ አለ።